የቅርፊቷ ጀርባ

ቀለም ቀቢው ስለ ቀለሙ ምንም አልጠየቀም። ከወለሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቅርፊት አነሣ፤ መዳፉ ላይ አስቀምጦ በጥፍሩ ጫፍ ገለበጣት። ፊቷ የታወቀ ነው፤ ክሬም መልክ ያለው፣ ለስላሳ፣ ገና ሁለት ወር ያልሞላው የውሃ ቀለም። እሱ የፈለገው ጀርባዋን ነበር። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አያት፤ አመልካች ጣቱን አሳርፎባት አነሣ። ጣቱ ዱቄት እንደነካ ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ይህን ስቱኮ ማን ነው የመታው?»

የቤቱ እመቤት ግራ ገባቸው። እሳቸው ሰው ያስጠሩት ለቀለሙ ነው። ልጃቸው ለልደቷ ግድግዳው ላይ ጌጥ በፕላስተር ለጥፋ ነበር፤ በማግስቱ ስታነሣው በፕላስተሩ ልክ የተቆረጠ ረጅም የቀለም ጥብጣብ ተከትሎ መጣ። ከዚያ ወዲህ የተላጠበት ጠርዝ በየቀኑ እየሰፋ ነው። «ርካሽ ቀለም ሸጠውልኝ ነው እንጂ!» አሉ።

«ቀለሙስ ደህና ነው እትዬ። መያዙንም ይዟል።»

«ምኑን ነው ታዲያ የያዘው?»

«ዱቄቱን።»

በቤት ውስጥ ቀለም ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ባለሙያ እንዲህ ዓይነት ንግግር ደጋግሞ ገጥሞታል። ቀለም ሲላጥ ሰው የሚያማርረው የሚታየውን ነው፤ ቀለሙን፣ ፋብሪካውን፣ ሻጩን። ግድግዳ ግን ብዙ ንብርብር ነው። ከሥር ብሎኬቱ፣ በላዩ የሲሚንቶና የአሸዋ ልስን፣ ከዚያ ስቱኮ ወይም ጄሶ፣ ከዚያ ዕድለኛ ከሆነ ፕራይመር፣ ከላይ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ቀለም። ቀለሙ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ ከሥሩ ያለውን ይጎትታል። ከንብርብሮቹ መካከል ከሁሉ ደካማው መጀመሪያ ይለቃል። የትኛው እንደለቀቀ የሚናገረው ቅርፊቱ ስለሆነ ባለሙያው ስፓቱላውን ከማውጣቱ በፊት ቅርፊቱን ያነባል። ጀርባው ዱቄት ከያዘ ስቱኮው ከመካከሉ ተከፍሏል። ጀርባው ንጹሕና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከሥሩ ያረፈበት ነገር እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። ግራጫ አሸዋ ይዞ ከመጣ ልስኑ ራሱ ሲሚንቶ ያነሰው ነው። ጥጥ የመሰለ ነጭ ጨው ከታየበት ደግሞ ነገሩ የውሃ ነው።

የእመቤቲቱ ግድግዳ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር፤ በከተማው ውስጥም ባለሙያውን አብዝቶ የሚያስጠራው ይኸው ነው። ፋብሪካ ያሸገው ስቱኮ እያለ ብዙ ሰው እዚያው ባልዲ ውስጥ ማዘጋጀት ይመርጣል፤ ነጭ ዱቄት፣ ኮላ፣ ውሃ። የዱቄቱን ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው የሚያያይዛቸው ኮላው ብቻ ነው። ኮላ በገንዘብ ይገዛል፣ ውሃ ከቧንቧ ይቀዳል፤ ስለዚህ ቀኑ በገፋና ግድግዳው በረዘመ ቁጥር የኮላው ድርሻ ይቀንሳል። የቀጠነ ስቱኮ ሲመቱት እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ ሲደርቅ ነጭና ለስላሳ ነው፤ ለዓይን ምንም አይጎድለውም። ልዩነቱ የሚታወቀው በመዳፍ ነው። ጥቁር ጨርቅ በእጅ ጠቅልሎ ግድግዳውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ ከነጣ በዚያ ግድግዳ ላይ የሚቀባ ቀለም ሁሉ፣ ውዱም ርካሹም፣ የሚይዘው የሚረግፍ ነገር ነው።

ስቱኮው ጥሩ ሆኖም ቀለሙ የሚለቅበት ጊዜ አለ፤ ጥፋቱ የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ ነው። ስቱኮ ከተመታ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ክፍሉ በአቧራ ይሞላል። ያ አቧራ ግድግዳው ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። በመጥረጊያ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ሩለር ማንሣት የተለመደ ነው። ይህ ባለሙያ ግን ረዳቱን ውሃ የነካው፣ በደንብ የተጨመቀ ጥቁር ጨርቅ አስይዞ ከኮርኒሱ እስከ ዘኮሎው ድረስ ያስወለውለዋል፤ ጨርቁ ሳይነጣ ጥቁር እንደሆነ እስኪመለስ ድረስ። ይህን ለማድረግ አንድ ክፍል ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የውሃ ቀለም ለምን ይህን ያህል ንጽሕና እንደሚፈልግ ለመረዳት አደራረቁን ማወቅ ይጠቅማል። ዛሬ በየቤቱ የሚቀባው ዓይነት ዕድሜው ገና ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ሰው ሠራሽ ጎማ በብዛት ማምረት ጀመረች፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 እ.ኤ.አ. ግሊደን የተባለው ኩባንያ ከዚሁ የጎማ ቤተሰብ የሠራውን የግድግዳ ቀለም ለገበያ አወጣ። አክሪሊክ የሚባለው ዓይነት የተከተለው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፤ ለዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ውሃ ላይ ተንሳፍፈው ይቀመጣሉ፣ ውሃው ሲተን ይጠጋጋሉ፣ በመጨረሻም ተጫጭነው ተዋህደው አንድ ስስ ቆዳ ይሆናሉ። ቅንጣቶቹ ከግድግዳው ጋር ሊነካኩ ሲገባ አቧራ ከመሀል ከገባ ቆዳው የሚለጠፈው አቧራው ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር ሁለት ነገሮች ይያያዛሉ። አንደኛው ብርድ ነው። ብዙ አምራቾች የውሃ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች እንዳይቀባ ያስጠነቅቃሉ፤ በብርድ ቅንጣቶቹ ስለሚጠነክሩ ሳይዋሃዱ ይደርቃሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ማለዳ ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ፀሐይ የማይነካው የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ ከአየሩ በላይ ብርዱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ባለሙያው በእነዚያ ወራት ማለዳውን ለፍቂያውና ለጽዳቱ ይሰጣል፤ ሩለሩ የሚወጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። ሁለተኛው ውሃ ነው። ጋሎኑ ብዙ ካሬ እንዲሸፍን ተብሎ ከልክ በላይ የቀጠነ ቀለም ቅንጣቶቹ ተራርቀው ስለሚቀሩ የሚሠራው ቆዳ ስስና ተሰባሪ ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈው የውሃ መጠን በምክንያት የተጻፈ ነው።

የሚያብለጨልጭ ጀርባ ያለው ቅርፊት ሌላ ታሪክ ይናገራል። በቆዩ ቤቶች፣ በመተላለፊያዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በክሊኒኮች ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ በዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ በውሃ ቀለም መቀባት የኖረ ልማድ ነው። ምክንያቱ መልካም ነበር፤ እጅና ጫማ የሚያቆሽሸው የታችኛው ክፍል በሳሙና ይታጠባል። ዓመታት አልፈው አዲስ ባለቤት ሲመጣ «አንድ መልክ ይሁንልኝ» ይላል። ከላይ እስከ ታች የውሃ ቀለም ይቀባል። ስድስት ወር ሳይሞላ ከደረት በታች ያለው በመዳፍ ልክ እየተገነጠለ ይወርዳል፤ ከደረት በላይ ያለው ምንም አልሆነ። ሁለቱም ያው ጣሳ፣ ያው እጅ፣ ያው ቀን ነበሩ።

ከሥር ያለው ዘይት ቀለም ይሁን የውሃ ቀለም ለማወቅ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮልና ትንሽ ጥጥ ይበቃል። ጥጡን አልኮል ውስጥ ነክሮ አንድ ቦታ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማሸት ነው። የውሃ ቀለም ይለሰልሳል፣ ጥጡም ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ዘይት ቀለም ንቅንቅ አይልም። ዘይት መሆኑ ከታወቀ መንገዱ ግልጽ ነው፤ ቅባቱን በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ብልጭታው እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ ለዚህ የተሠራ የሚያያይዝ ፕራይመር አንድ እጅ መቀባት፣ ከዚያ የውሃ ቀለም። ከሦስቱ የመጀመሪያዎቹ አንዱ ከተዘለለ የተቀሩት ሁለቱ አይበቁም።

ማሸቱ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። በብዙ የቆዩ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ አለ፤ በተለይ ቢጫው፣ ብርቱካኑና አረንጓዴው አጠራጣሪ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን 90 እጅ ላይ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ዛሬም ግድግዳው ላይ ነው። በደረቁ ሲታሽ አቧራው ወለል ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ የሕፃን እጅ ላይ ያርፋል። እርሳስ አብዝቶ የሚጎዳው ደግሞ አእምሮው በማደግ ላይ ያለውን ሕፃን ነው። ስለዚህ የቆየ ዘይት ቀለም ውሃ እያረጠቡ ነው የሚታሸው፤ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከቤት ይወጣሉ፤ ቅርፊቱ በፌስታል ተቋጥሮ ይወገዳል እንጂ ግቢ ውስጥ አይበተንም፣ አይቃጠልም። የእጅ ሙያ የሰው ጤና ካላሰበ ምን ሊረባ!

በዚህ ሥራ ውስጥ የባለሙያውን ልብ አብልጦ የሚያሳዝነው የወቅቱ ጉዳይ ነው። አገሩ ሁሉ ቤቱን የሚያድሰው ለእንቁጣጣሽ ነው። ስልኩ የሚጨናነቀው በነሐሴ አጋማሽና በጳጉሜን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ ዝናብ የሚበዛባቸው ወራት ናቸው፤ የውጪ ግድግዳ የሆነው ብሎኬት ውሃ ጠጥቷል፣ የቤቱ አየር ረጥቧል፣ መስኮቱ ለብርዱ ተዘግቷል። ግድግዳው በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የረጠበበት ሳምንት ላይ ከሁሉ የሚበዛው ቀለም ይቀባል። መስከረም አጋማሽ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ውስጥ የታሰረው እርጥበት መውጫ ይፈልጋል፤ ቀለሙ እንደ እሳት የነካው ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። በዓሉን በንጹሕ ቤት መቀበል ደስ የሚል ወግ ነው፣ ማንም ይቅር አይልም። ነገር ግን ችግር ያለበት ግድግዳ በግንቦት መጀመሪያ ወይም ከመስቀል በኋላ ቢታይ ለበዓል ጠረግ ጠረግ ማድረግና መጋረጃ ማጠብ ይበቃ ነበር።

የእርጥበቱን ነገር በግምት መተው አያስፈልግም። እያንዳንዱ ጎኑ ወደ 45 ሳንቲሜትር የሚሆን ካሬ ላስቲክ ቆርጦ አራቱንም ጠርዝ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አጥብቆ መለጠፍና ቢያንስ 16 ሰዓት መተው ነው። ሲነሣ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ካላበው ወይም ግድግዳው ከጠቆረ ቀለም መቀባት አይቻልም። ማታ ለጥፎ በማግስቱ ቀትር ላይ ማየት ይቻላል። ላስቲኩ ካላበው ምንጩን መፈለግ ይከተላል፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የጎረቤት መታጠቢያ ቤት፣ የተሰነጠቀ የውጪ ልስን። የውሃው መንገድ ሳይዘጋ የሚቀባ ቀለም ገንዘብ መበተን ነው፤ ጨው ያወጣ ግድግዳም ምንጩ ከተዘጋ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ተጠርጎ መድረቅ ይፈልጋል።

አዲስ ልስንም ከዚሁ ይመደባል፤ ብዙ ጊዜ 28 ቀን እንዲጠበቅ የሚመከረው ውሃው እንዲወጣ ብቻ አይደለም። ትኩስ ሲሚንቶ ፒ.ኤች መጠኑ ከ12 እስከ 13 የሚደርስ ኃይለኛ አልካሊ ነው። ዘይት ቀለም እንዲህ ባለ ልስን ላይ ሲቀባ፣ ሳሙና ከቅባትና ከአልካሊ እንደሚሠራ ሁሉ፣ የቀለሙ ዘይት ወደ ሳሙናነት ይለወጣል። ለወራት የሚያጣብቅ፣ በጣት የሚፋቅ ቀለም ያየ ሰው ያየው ይህንን ነው። ኮንዶሚኒየም ተረክቦ፣ አስለስኖ፣ የቤት ኪራዩ ወር ሳያልቅ ለመግባት የሚጣደፍን ቤተሰብ «አንድ ወር ጠብቁ» ማለት ይከብዳል። ባለሙያው ግን ይላል። ካልሆነላቸው አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመርና የውሃ ቀለም ብቻ እንዲቀቡ፣ ዘይቱን ግን ለሚመጣው ዓመት እንዲያቆዩት ይመክራል።

አንድ ማእዘን ደግሞ በእኛ ቤት ብቻ የሚገኝ ነው፤ ቡና የሚፈላበት። ለዓመታት የዕጣን ጢስ የወጣበት ግድግዳ ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ እጅ ሲነካው ያዝ ያደርጋል፤ ሙጫው ከጢሱ ጋር ተለጥፎበታል። የውሃ ቀለም እዚያ ላይ ሲቀባ ይሸሻል፣ ዓይን ዓይን ይሠራል፤ ሲደርቅም ቢጫው ተመልሶ ይወጣል። በሞቀ ውሃና በኦሞ ታጥቦ፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ፣ እድፍ የሚያፍን ፕራይመር ካልቀደመ ሦስት እጅም ቢቀባ አይረዳም። የወጥ ቤት ግድግዳም እንዲሁ ነው።

ግድግዳን አለማመን አዲስ ጥበብ አይደለም። በጣና ሐይቅ ዙሪያና በጎንደር ባሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት የምናየው ሥዕል በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣለ ሳይሆን ጨርቅ ላይ ተሥሎ ጨርቁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። የጭቃ ልስን ይሰነጠቃል፣ ይተነፍሳል፣ ይረግፋል፤ በመካከል የገባው ጨርቅ ግን ሲሰነጠቅ አብሮ አይሰነጠቅም። ሠዓሊዎቹ ቀለማቸው እንዲኖር የሚያርፍበትን ነገር አስቀድመው አበጁ። ዛሬ ፕራይመር የምንለው ነገር ከዚያ አስተሳሰብ የራቀ አይደለም።

ወደ እመቤቲቱ ክፍል እንመለስ። ረዳቱ «ጋሼ፣ ፕራይመር ብናጠጣውስ?» ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዱቄቱ ላይ ላዩን ብቻ ቢሆን ኖሮ የቀጠነ ፕራይመር ሰርጎ ያያይዘው ነበር። ባለሙያው በስፓቱላው ጥግ ስቱኮውን ጫር አደረገው፤ ጥጉ ያለ ምንም ትግል ልስኑ ድረስ ገባ። እንዲህ ባለ ወፍራምና ልል ስቱኮ ላይ ፕራይመር የላዩን ብቻ ቅርፊት አድርጎ ያጠነክረዋል፤ በኋላም የሚወርደው የቀለም ቅርፊት ሳይሆን የስቱኮ ገበታ ይሆናል። ስለዚህ ይፋቃል።

ፍቂያ ላይ ትልቁ ጥያቄ የት ይቆማል የሚለው ነው። የተነሣውን ብቻ ፍቆ ማቆም ችግሩን በአንድ ክንድ ማራቅ ነው። የያዘውን ሁሉ መፋቅም ጥቅም የሌለው ድካም ነው። ባለሙያው የላቦራቶሪ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ዘዴ ይዋሳል፤ አይ.ኤስ.ኦ 2409 የሚባለው የቀለም መያዝ መለኪያ። በስለት ስድስት መስመር ወደ ታች፣ ስድስት መስመር ወደ ጎን፣ በሁለት ወይም በሦስት ሚሊሜትር ርቀት ይሰነጥቃል፤ 25 ትናንሽ ካሬዎች ይወጣሉ። ፕላስተር ለጥፎ፣ በጥፍሩ አሽቶ፣ ይነቅለዋል። ካሬዎቹ ሁሉ በቦታቸው ከቀሩ ደረጃው ዜሮ ነው፣ ከሁሉ የተሻለው፤ አብዛኞቹ ከተነሡ ወደ አምስት ይጠጋል። ከተላጠው ቦታ እየራቀ አራት አምስት ቦታ ይሞክራል፤ የያዘውን አካባቢ በእርሳስ ያሰምርበታል። በዚያ ክፍል መስመሩ የወጣው ከበሩ አጠገብ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሌላ ቀን ሥራ፣ ምናልባትም የሌላ ባልዲ ስቱኮ ነው። በስፓቱላው እጀታም ግድግዳውን እየመታ ያዳምጣል፤ ባዶ ድምፅ የሰጠበት ቦታ ልስኑ ራሱ ብሎኬቱን ለቋል ማለት ነው፣ ያ ደግሞ የለሳኝ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ክፍያ መነገር አለበት። በከተማው የቀለም ሥራ የሚዋዋሉት በካሬ ነው። ካሬ የሚቆጠረው ለተቀባው ነው፤ ለተፋቀው፣ ለታጠበው፣ ለተወለወለው የሚቆጥር የለም። ሁለት ቀን የሚፈጅ ፍቂያ ዋጋ ከሌለው የዕለት እንጀራውን የሚፈልግ ወጣት ቀቢ እንዴት ይፍቅ? ይሸፍነዋል። ሽፋኑ በማግስቱ ያምራል፤ ገንዘቡም ተከፍሏል። ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም፤ ውሉ ራሱ ሸፍን ብሎታል። ይህ ባለሙያ ሁለት ዋጋ ይጠራል፤ አንዱ ለዝግጅት፣ ሌላው ለቅብ። ብዙ ሰው ለዝግጅቱ ሲነገረው ፊቱን ያጠቁራል፤ ሌላ ቀቢ ይጠራል። ከዚያ ቤት ከስድስት ወር በኋላ የሚደውሉለት ጥቂት አይደሉም።

ፍቂያው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ከዚያ ልስኑ ተወለወለ፤ ፕራይመር ተቀባ፤ ሲደርቅ አዲስ ስቱኮ በስሱ ሁለት ጊዜ ተመታ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አልተጨመረም። ከያዘው አሮጌ ቀለም ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ደረጃ እንዳይሠራ ባለሙያው የስልኩን መብራት ግድግዳው ላይ አጋድሞ ያበራ ነበር፤ ፊት ለፊት ሲያዩት የማይታይ ጉብታ በጎን ብርሃን ጥላ ይጥላል። ታሽቶ ተወለወለና አዲሱ ስቱኮ ላይ ዳግመኛ ፕራይመር ተደረገ፤ አለዚያ ያ ቦታ ቀለሙን አብዝቶ ጠጥቶ ደብዝዞ ይቀር ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጅቷ ቤት ነበረች፤ ቅዳሜ ነው። የልደቷን ፕላስተር ይዛ መጣች፤ ያው ጥቅል። እናቷ «ተይ፣ እንዳትነኪው!» ሲሉ ባለሙያው «ይተዋት እትዬ» አለ። አንድ ክንድ ያህል ቀዳ ግድግዳው መሀል ላይ ለጠፈችው፤ በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ጠበቅ ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ሳበችው። ፕላስተሩን ገልብጣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። ምንም የለበትም። ወደ በሩ ሄዳ እርሳሱ ያሰመረበት ቦታ ላይ ደግማ ለጠፈችው፤ ባለሙያው ጎንበስ ብሎ የቀለሙን ጣሳ መክፈት ጀመረ።